ያልነበረችው አመልካች

ዕድሜዬን የፈጀሁት ጆንያ በመስፋት ነው። ጅማ ውስጥ፣ አንድ የቡና መቀሸሪያ ግቢ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ በጭነት መኪና የሚመጣው ጀንፈል ገለባው ተፈልፍሎ፣ ሴቶቹ ለቅመውት ሲያልቅ ጆንያ ይገባል። የዚያን ጆንያ አፍ የምዘጋው እኔ ነበርኩ። መርፌዬ ከመሐል ጣቴ ይረዝማል፣ ጫፉ ትንሽ ቆልመም ያለ ነው። ሁለቱን ጥግ ጆሮ አወጣለትና መሐሉን በሲባጎ ወግቼ ወግቼ እቋጥረዋለሁ። ጆሮ የሌለው ጆንያ ለተሸካሚ አይመችም። ሙያዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ አለኝ ብዬ አላወራም።

ልጆቼ ስለ ጽሕፈት ጻፍ ሲሉኝ በጆንያ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ይደረስበታል። እኔ ቸኩዬ አላውቅም።

በልጅነቴ ቁርኣን ቤት ገብቼ ነበር፤ ዐረብኛውን በድምፁ እቀራለሁ፣ አነበንበዋለሁ ማለት ነው። የአማርኛ ፊደል ግን አላውቅም ነበር። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ወደ አርባ ተጠግቼ ነበር። ከልጆቼ እኩዮች ጋር ቁጭ ብዬ ሀ ሁ ብዬ ጨረስኩ፣ የምስክር ወረቀትም ተሰጠኝ። ታዲያ ፊደሉን ከያዝኩ በኋላ ምን ላንብብበት? ቤቴ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው፤ ስለ ቤት ጉዳይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ከሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ያስጻፍኩት የማመልከቻ ግልባጭ። እሱን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። በቃሌ እስክወጣው ድረስ አነበብኩት። በአማርኛ ያነበብኩት የመጀመሪያ ረጅም ነገር ማመልከቻ ነው ማለት ነው፤ የመጣብኝም ነገር ሁሉ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ፊደል የቆጠርነው ሰዎች እንዳንረሳ ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ የምታስተምረን አንዲት መምህርት ነበረች። ከሸዋ በኩል ተመድባ የመጣች፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ሳቅ የምትወድ ልጅ። በመጀመሪያ ከሰሌዳ ታስገለብጠን ነበር። ስንገለብጥ እንቅልፍ ይወስደናል፤ በተለይ የመቀሸሪያችን ዘበኛ ያንኮራፋ ነበር። አንድ ቅዳሜ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ የተጠቀለሉ ቁርጥራጭ ወረቀቶች ይዛ መጣች። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለ። አንዳችን እናወጣለን፣ እሷ ታነብልናለች፣ የቀረውን ሁላችንም ከልባችን ፈጥረን እንጽፋለን። ከዚያ ተራ በተራ ይነበባል።

«ከልባችን ማለት እንዴት ነው?» አላት ዘበኛው።

«ያልሆነ ቢሆንም ይሆናል። የሆነ ይምሰል እንጂ።»

«ሶባ ማለትሽ ነው?» አለ። ሶባ በኦሮምኛ ውሸት ነው፤ ሁላችንም ሳቅን።

«ውሸት ሰውን ለማታለል ነው» አለች። «ይሄ ግን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅን ማን ይታለላል?»

መልሱ ደስ አለኝ። ስህተት እንደነበረበት ያየሁት በኋላ ነው፤ ሁላችንም ማለቷ አዳራሹ ውስጥ ያለነውን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዋ ወረቀት «አንዲት ላም ጠፋች» ትላለች። አጠገቤ የምትቀመጠው ቡና ለቃሚ ሴት ስትጽፍ፣ ስትጽፍ፣ ወረቀት ጨምሩልኝ አለች። ልታነብ ቆመች። «ይድረስ ለማከብርሽ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ልጆችም ደህና ናቸው። ጎረቤቶችሽም ደህና ናቸው፤ ታችኛዋ ግን ትንሽ አሟት ነበር፣ ተሽሏታል።» እንዲህ እያለ ገጽ ተኩል ሄደ። መጨረሻ ላይ «ላሟ ግን አልተገኘችም። ደህና ሁኚ» ብላ ተቀመጠች። መምህርቷ ከሳቋ ብዛት ሰሌዳውን ተደገፈች።

«እትዬ፣ ለማን ነው የጻፉት?»

«እኔ ምን አውቄ! ሰው ሰላም ሳልል ወሬ ልጀምር?»

ዘበኛው ደግሞ ምን ወረቀት ቢወጣ ታሪኩ ውስጥ ጅብ ይገባል። ስለ ሠርግ ጻፉ ሲባል እንኳ ጅብ አስገባ። «እዚህም አለ?» ስትለው «ዘበኛ ሌላ ምን ያያል፣ ልጄ?» ይላታል።

የእኔ ነገር ማመልከቻ ነው። ስለ ዝናብ ሲባል «ጉዳዩ፦ ዝናብን ስለሚመለከት» ብዬ ጀመርኩ። ስለ መንገደኛ ሲባል መንገደኛው ያመለክታል። ስለ ወንዝ ሲባል የወንዙ ዳር ሰዎች ድልድይ እንዲሠራላቸው ያመለክታሉ። የሚያስፈልጋቸውን በደንብ አስረዳለሁ፣ «ከአክብሮት ጋር እጠይቃለሁ» እላለሁ፣ አበቃ። መምህርቷ አንድ ቀን አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

«የእርስዎ ሰዎች ይጠይቁና ይቀመጣሉ» አለችኝ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ መልስ መጠበቅ ነው።»

«ማነው የሚመልስላቸው?»

«የተጻፈለት መሥሪያ ቤት ነዋ።»

«እዚህ ወረቀት ላይ እኮ መሥሪያ ቤቱም እርስዎ ነዎት።»

ነገሩ ገባኝም፣ አልገባኝምም። እኔ ጠይቄ መጠበቅ ነው የማውቀው። መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ «አንዲት ሴት በር ላይ ቆማለች፤ ምን ፈልጋ ነው?» የምትል ወረቀት ወጣች። በዚያ ቀን ጽፌ አልጨረስኩም። መምህርቷ ቤት ወስደው ይጨርሱት፣ በሚቀጥለው ያመጡታል አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ይህች ሴት አልለቀቀችኝም። በምሳ ሰዓት ጆንያ ክምር ላይ ቁጭ ብዬ አስባታለሁ። ባሏ ሞቷል። ከጌራ ነው የመጣችው። ሦስት ልጆች አሏት። ቆርቆሮዋ ዝጎ ወንፊት ሆኗል፤ ዝናብ ሲመጣ አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ ትጎትታለች፣ ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ጣሳውን በየነጠብጣቡ ሥር ትደረድራለች። ትንሿ ልጅ የትኛው ጣሳ ቀድሞ እንደሚሞላ ከወንድሟ ጋር ትወራረዳለች። ይህን የትንሿን ልጅ ነገር ስጽፍ እኔው ራሴ ፈገግ አልኩ። ወላሂ፣ ከሌላ ሰው የሰማሁት እንጂ ራሴ ያመጣሁት አልመሰለኝም።

ባለቤቴ ሳነብ ሰምታ «ማናት እሷ?» አለችኝ።

«የለችም።»

«የለችም? ታዲያ ልጆቹስ?»

«እነሱም የሉም።»

«አኡዙቢላህ» አለች። «የሌለ ሰው ባል ትገድላለህ?»

ለሴትዮዋ ስም አወጣሁላት። የሟች አክስቴን ስም ነው የሰጠኋት፤ በእኛ ሰፈር ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ ለምን እንደማልጽፈው ቆይቶ ይገባችኋል። አንድ ነገር የፈለገ ሰው የሚጽፈው ማመልከቻ ነውና በማመልከቻ አደረግኩት። ላይኛው ላይ «ለቀበሌው ማኅበር ሊቀመንበር ጽሕፈት ቤት»፤ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ የሚያፈስ ጣራ እንዲጠገንልኝ ስለመጠየቅ»፤ ግርጌው ላይ «አመልካች» ብዬ ስሟን ከነአባቷ ጽፌ ፈረምኩላት። የቤት ቁጥሩን ባዶ ተውኩት። የሌለች ሴት የቤት ቁጥር ከየት ላምጣ?

ቅዳሜ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። መምህርቷ በዚያ ቀን ስለቸኮለች የሁላችንንም ወረቀት ሰብስባ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እወስዳለሁ ብላ አዳራሹ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ድንጋይ ጭና ተወችው። ጠረጴዛው የቀበሌው ጸሐፊ ነው። ሰኞ ጠዋት ጸሐፊው መጣ፣ ድንጋዩን አነሣ፣ የሰላምታውን ትቶ፣ የጅቡን ትቶ፣ የእኔን አገኘ። ምኑም የጎደለው ነገር የለም፤ ጉዳዩ አለ፣ አመልካች አለች፣ ፊርማ አለ። ማኅተሙን አነሣና «ገቢ» ብሎ መታበት፣ መዝገብ ላይ አሰፈረው፣ ቁጥር ሰጠው። ሊቀመንበሩ አነበበ። አንብቦ ለአንድ አብዮት ጥበቃ «ይህችን ሴት ፈልገህ አምጣ፣ የቤት ቁጥሯን ረስታዋለች» አለው።

የተላከው ሰው ሰኞን ሙሉ ፈለገ። ማክሰኞ ጠዋት ከእኛ ቤት ሁለት ጉራንጉር ዝቅ ብሎ የሴትዮዋን ሞክሼ አገኘ። የአባት ስሟም ጭምር አንድ ነው። እኔ አላውቃትም ነበር፤ ዳቦ ጋግራ ለሻይ ቤቶች የምታስረክብ ሴት ነች። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ «ባልሽ በመሞቱ አዝነናል፣ ጣራሽን ልናይ መጥተናል» አላት። ባሏ ውስጥ ቁርስ ይበላ ነበር።

ወረቀቱ ከየት እንደ መጣ ሲጣራ መምህርቷ ጋ ደረሱ፤ ረቡዕ ዕለት እኔን ከሥራ ቦታ ጠሩኝ። መርፌዬን ኪሴ እንደ ከተትኩ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊው፣ መምህርቷ፣ ዳቦ ጋጋሪዋና ባሏ ነበሩ። መምህርቷ ቆማለች፤ ፊቷ ወረቀት መስሏል። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት የመኪና መካኒክ ነበር። እጁ ትልቅ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር በሥልጣን ያልለቀቀ ሰው። በቁጣ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ያም ይበልጥ ያስፈራል።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎን፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ጋጋሪዋ አልጠበቀችም። «ባሌን በቁሙ የቀበርከው አንተ ነህ?» አለችኝ። «እየው፤ ይኸው ተቀምጧል። አስተውለህ እየው። ጣራዬስ? ባለፈው መስከረም ነው አዲስ ቆርቆሮ የመታሁት። ሦስት ልጅ ትላለህ፤ እኔ አምስት አለኝ። ሁለቱን የት ጣልካቸው?»

«እመቤት፣ ስለ እርስዎ አይደለም የጻፍኩት...»

«በስሜ ነው የጻፍከው። ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ መጣ እኮ! አንዷ ንፍሮ ቀቅላ መጣች።»

ባሏ ዝም ያለ ሰው ነው። «ንፍሮው ግን ጥሩ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ዝም በል!»

ሊቀመንበሩ እጁን አነሣ። በዚያ ጊዜ የሐሰት ማመልከቻ ቀልድ አይደለም። የቀበሌውን ስም ለማጥፋት ነው ሊባል ይችላል፣ ሌላም የከፋ ስም ሊወጣለት ይችላል። መምህርቷ ገባችበት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። መልመጃ ነው፤ የፈጠራ ጽሑፍ ልምምድ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ የተውኩት እኔ ነኝ።»

«በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሐሰተኛ ማመልከቻ መጻፍ ነው የምታስተምሪው?»

«ታሪክ መጻፍ ነው።»

«ይሄ ታሪክ ነው?» ወረቀቱን አነሣ። ማኅተሙ ቀይ ሆኖ ይታየኛል። እንደገና አነበበው። የጣሳዎቹ ቦታ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ መሰለኝ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

«አቤት?»

«ጣራዋ ተሠራ ወይስ አልተሠራ?»

«አላውቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እንዴት አታውቅም? አንተ አይደለህም የጻፍከው?»

መምህርቷ ያን ቀን የጠየቀችኝን ነው የጠየቀኝ። ሰውዬው ወረቀቱን አስቀመጠ።

«እንግዲህ» አለ፣ «እኔ ይህ ነገር ትምህርት ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም። ቅዳሜ በመደበኛ ሰዓታችሁ እመጣለሁ። ጨርሰህ ታነባለህ። የተበደለችው እሷ ናት፤ እሷም ትመጣለች። ሰምታ ይቅር ካለች ትምህርታችሁ ይቀጥላል። ካላለች አዳራሹን እዘጋለሁ፤ የመምህርቷንም ጉዳይ ወደ ላይ እጽፋለሁ።»

«እኔ ይቅር አልልም» አለች ጋጋሪዋ። «ስሜን ከሷ ላይ ያውርድ።»

ስንወጣ መምህርቷ «አይጨነቁ» አለችኝ። ወደ ላይ ከተጻፈባት ምን እንደሚከተል እሷም እኔም እናውቃለን። እኔ ጆንያ ሰፊ ነኝ፤ ብባረር ሌላ መቀሸሪያ አለ። እሷ ግን የሠራችው ጥፋት ለእኛ ጣሳ ይዛ መምጣቷ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጻፍኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ አዲስ ቆርቆሮ ሲመታላት፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ፣ ልጆቹ አበባ ሲያቀርቡለት ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሞላ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋ ግን ቀጭን ነው። እህል እያበጠረች ሰማችኝ።

«እና መጣላት?» አለች።

«መጣላት።»

«ቆርቆሮ ይዞ?»

«ይዞ።»

«አንተ የዛሬ ስንት ዓመት ስለ ቤታችን ያስጻፍከው ማመልከቻ መልሱ መጣ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ላንተ ያልመጣውን ለሷ ከየት አመጣህላት?» እህሏን ነፋች። «ደሞ ሰነፍ ሴት አደረግካት። ሦስት ልጅ ይዛ ከጌራ ድረስ በእግሯ መጣች ብለህ፣ እዚህ ስትደርስ እጇን አጣጥፋ በር ላይ ታቆማታለህ። እጅ የላትም?»

ያን ወረቀት ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ዓርብ ከሰላት በኋላ መቀሸሪያው ግቢ ጥግ፣ ጥቅም የለውም ተብሎ የሚጣለው የተቀደደ ጆንያ ክምር አጠገብ ቁጭ አልኩ። እጅ የላትም? የሚለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ አለ። እጅ ካላት ምን ትሠራበታለች? ቆርቆሮ መምታት አልችልም፤ እኔ የማልችለውን እሷን አሠርቼ ብጽፍ ደግሞ ያውቁብኛል። መስፋት ግን እችላለሁ። ወዲያው ሴትዮዋ መርፌ አነሣች። እኔ አይደለሁም ያነሣሁላት፤ እሷ ነች። እኔ ተከትዬ ጻፍኩ። እርሳሱ እስኪደንዝ ጻፍኩ፣ በቢላ ቀረጽኩት፣ እንደገና ጻፍኩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ወሬው ስለተሰማ ተማሪ ያልሆነውም መጥቷል። ውጭ ካፊያ ነበር። ሊቀመንበሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ጭምር ይዞ መጣ። ጋጋሪዋ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ባሏን አጠገቧ አስቀምጣ ተቀመጠች። ዘበኛው ከኋላ «በርታ፣ ጅብ አይበላህም» አለኝ።

ማመልከቻውን እንዳለ አነበብኩ። ከዚያ ቀጠልኩ። ሴትዮዋ መልስ ስትጠብቅ ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ከመቀሸሪያ ጀርባ የተጣለ የተቀደደ ጆንያ ለቅማ አመጣች። ቀዳዳውን ከልጆቿ ጋር ጣፈች። ሁለት ሁለቱን ደርባ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥማ ሰፋችው፤ ስፌቱ ዝናቡ ከሚመጣበት አቅጣጫ ጀርባውን እንዲሰጥ አድርጋ። ይህን ሳነብ ድምፄ ተስተካከለ፤ የማውቀው ነገር ነውና። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምና ቀባችው። ጎረቤት መሰላል አዋሳት። ትልቁ ልጅ ከታች መሰላሉን ያዘ፤ እሷ ወጥታ ጆንያውን ዘረጋች፣ በድንጋይና በሽቦ አሰረችው።

«ቆይ» አለ ጸሐፊው። «ጆንያው የመንግሥት ነው ወይስ የግሏ?»

እኔ ደነገጥኩ፤ ይህን አላሰብኩትም።

«የተጣለ ነው» አልኩ። «ከአገልግሎት ውጭ የሆነ። አይጥ የበላው።»

«ማን ፈቀደላት?»

«ዘበኛው» አለ ዘበኛው ከኋላ። «እኔ ፈቅጄላታለሁ። ማን ሊጠይቀኝ ነው?»

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። አገጩን በእጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። «የተቃጠለ ዘይት ብቻውን አይዝም» አለ። «ዝናብ ያጥበዋል። ሬንጅ ነው የሚቀላቀለው። ዘይቱን ታሞቀዋለች፣ ሬንጁን ትጨምራለች፣ ሳይቀዘቅዝ በብሩሽ። እንደዚህ።» እጁን በአየር ላይ አስኬደው።

«ሬንጅ ከየት ታመጣለች?» አለች ለቃሚዋ።

«መንገድ ሥራዎች የተዉት በርሜል ሞልቶ የለም እንዴ፣ አጋሮ መውጫ ላይ!» አለ። አለና ራሱን ያዘ፤ ምን እያለ እንደሆነ የታወቀው ያኔ ይመስለኛል። ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀጥል» አለኝ።

የቀረው ትንሽ ነበር። ዝናቡ መጣ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ጣሳቸውን ደርድረው ተቀመጡ። ጠበቁ። አንዱም ጣሳ አልጮኸም። ትንሿ ልጅ ውርርዱ ቀረብኝ ብላ አለቀሰች። እናትየዋ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋዋን ከግድግዳው አስጠግታ ተወችው። አበቃሁ።

ማንም አላጨበጨበም። ሊቀመንበሩ ወደ ጋጋሪዋ ዞረ። «እንግዲህ አንቺ ነሽ» አላት።

እኔ የመምህርቷን እጅ ነበር የማየው። ጠመኔ ይዛ ነበር፤ ሰበረችው።

ጋጋሪዋ ወደ እኔ ዞረች። «መሰላሉ ላይ የወጣችው ራሷ ናት?» አለችኝ።

«ራሷ ናት።»

«ቀሚስ ለብሳ?»

«ሱሪ ከሥር ለብሳለች» አልኩ። ይህንንም ያኔ ነው የፈጠርኩት።

«ጎበዝ» አለች። ለእኔ አይደለም፤ ለሴትዮዋ ነው ያለችው። ነጠላዋን አስተካከለች። «ስሜን ያውርድ ብዬ ነበር። ይሁን። ትያዘው።»

«እኔስ?» አለ ባሏ። «እንደ ሞትኩ ልቅር?»

«ምን ትሆናለህ? ንፍሮህን በልተሃል።»

በዚህ ጊዜ ሊቀመንበሩም ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ሥርዓት አወጣ፤ ከእንግዲህ በየወረቀታችሁ አናት ላይ በትልቁ «ልምምድ» ብላችሁ ጻፉ፤ ወረቀታችሁም የጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ዝር እንዳይል። ትምህርቱ ይቀጥላል። መምህርቷ «እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር» ብላ የተሰበረውን ጠመኔ አስቀመጠች።

ጸሐፊው ግን መዝገቡን ገልጦ ተቸግሮ ቆሟል። «ቁጥር ወጥቶለታል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ምን ብዬ ልዝጋው?»

ሊቀመንበሩ ቆቡን አደረገ። «ጣራው በአመልካቿ በራሷ ተሠርቷል። ጉዳዩ ተዘግቷል። እንዲያ ብለህ ጻፍ።»

ጻፈው። በዓይኔ አየሁት። ያ መዝገብ በመንግሥት ለውጥ ጊዜ የት እንደ ገባ አላውቅም፤ ተቃጥሎም ይሆናል። ካልተቃጠለ ግን ያልነበረችው ሴትዮ ጅማ ከተማ ውስጥ ተመዝግባ ትኖራለች። ከእሷ በኋላ ብዙ ጽፌያለሁ። እንደ እሷ አድርጎ ያስቸገረኝ ግን የለም፤ ስለዚህ ነው ስሟን ለማንም የማልሰጠው። ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፣ ይበቃል።

ያን ቀን ከዘበኛው ጋር አብረን ወጣን። ካፊያው አልቆመም፤ እሱ ካርቶን በራሱ ላይ አድርጓል። መንገዳችን ላይ ያለውን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ ቆም አለ።

«ያ ጆንያ» አለኝ፣ «የሐምሌን ዝናብ ይችላል?»

«እንጃ» አልኩት።

«እንጃ አትበለኝ። ጻፈውና እንወቅ።»